መኪናውን የፈሩት ሁለት

ኢንስፔክተር ፈናን ግቢው ስትደርስ ሟቹ ገና ከመሪው ኋላ ነበር።

አሮጌው ላንድሮቨር አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ሻንጣ፣ ድስትና ፍራሽ ተጭኖ በሸራ ተጠፍሯል። ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ ሊገባ የተሰናዳ መኪና ነው። አቶ ወንደሰን ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ ዓይኑን ከድኗል። ቢጠሩት የሚነሣ ይመስላል። ቀኝ እጁ ላይ የውሻ ማሰሪያ ጠፍር ተጠምጥሟል። በጠፍሩ ጫፍ ያለው የአንገት ቀበቶ ግን ባዶ ነው።

ዝናቡ ማምሻውን ጥሎ አባርቷል። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ብርድ የግቢውን ጭቃ ላይ ላዩን እንደነበረ አድርቆታል። ፈናን ወደ ሬሳው ከመቅረቧ በፊት መሬቱን አየች። ከዘበኛው ጎጆ እስከ መኪናው የኋላ በር ድረስ የሰውና የውሻ ኮቴ አብሮ መጥቷል። በሩ አጠገብ ሲደርስ የውሻው ኮቴ ጠፍቶ አራት ረጃጅም ቦይ ሆኗል። አንድ የሚጎትት ነበረ፤ አንድ ደግሞ አልሄድም ብሎ መሬት የቧጠጠ።

ሳጅን እዮኤል ቀድሟት ደርሶ ነበር። ቸኩሎ የሚደርስ፣ ቸኩሎም የሚጨርስ ሰው ነው። ዘበኛውን ዋጋዬን ከግንቡ ሥር አስቁሞ ካቴና አግብቶለታል።

«ሰውየው እሱ ነው» አላት። «ትናንት ጎረቤት እየሰማ ‹ይሄ ውሻ ከዚህ ግቢ አይወጣም› ብሏል። ውሻውም እሱ ጎጆ ነው ያደረው። ስጠይቀው ከምሽት ጀምሮ እኔ ዘንድ ታስሮ ነበር አለኝ። ቀበቶው ደግሞ እዚህ ሟቹ እጅ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ አስገባዋለሁ፤ አለቃም ያውቃል።»

«በምን ገደለው?»

«እሱን ሐኪሙ ይነግረናል።»

«ካቴናው እስከዚያ ምን ይሠራል?»

«እንዳያመልጥ ነዋ።»

ፈናን የሽማግሌውን እግር አየች። ዝሆኔ ይዞት ያበጠ፣ ከጫማ የማይገባ እግር ነው። «በዚህ እግር ካመለጠህ ጥፋቱ የአንተ ነው» አለችው። እዮኤል አልሳቀም። ካቴናውንም አልፈታም።

የመኪናውን በር ከፍታ ጭንቅላቷን አስገባችና ወዲያው መለሰች። ሽታ አለ። ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፤ ግን የወጥ ቤት ሽንኩርት አይደለም። አርቦዬ ገጠር ውስጥ ከገበሬ ቤት ያደገች ናት፤ ይህን ሽታ የሆነ ቦታ ታውቀዋለች። የት እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣላትም። ሬሳው ወጥቶ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ፣ በሮቹ ተከፍተው እንዲቆዩ፣ ማንም እንዳይገባበት አዘዘች። ገና ዞር ከማለቷ እዮኤል ዕቃ ይጠፋል ብሎ በሮቹን መልሶ ዘጋቸው።

መጀመሪያ ዋጋዬን አነጋገረች። አጠገቡ ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ማን ነው ያገኛቸው?»

«እኔ ነኝ። ለቁርስ ልቀሰቅሰው ሄድኩ፤ አልሰማ አለኝ። ገብቼ ብብቱን ይዤ ልስበው ብል አቃተኝ። እንዲያውም ራሴን አዞረኝ፤ እስካሁን ያጥወለውለኛል። ሚስቱ እትዬ ሐመልማልም መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ስንት ሰዓት አቅፋው ቆየች መሰለሽ፤ ጎትቼ አወጣኋት።»

ፈናን ይህን በልቧ ያዘች። ከዚያ የጭቃውን ቦይ በአገጯ አሳየችው። «ውሻው ከምሽት ጀምሮ እርስዎ ዘንድ ከነበረ ያንን ማን ቧጠጠው?»

ሽማግሌው ወደ ጎጆው አየ። ውሻው ከጎጆው በር ላይ ተኝቶ ያያቸዋል። ጠይም፣ ትልቅ፣ ጆሮው የወደቀ ውሻ ነው። ታዛቢ ይባላል። ወንደሰን ይህን ስም ያወጣለት ሐሜተኛ ጎረቤቶቹን ለመንካት ነበር ይባላል።

«ዋሽቻለሁ» አለ ዋጋዬ በመጨረሻ።

ነገሩን ቀስ እያለ አወራው። የእንስሳት ሐኪሙ ውሻው ረጅም መንገድ ከመሄዱ በፊት መኪናውን ይልመድ ብሎ ስለመከረ፣ ወንደሰን አናጺ አስመጥቶ የእንጨት ሳጥን አሠርቶለት ነበር። ሳጥኑ ከመኪናው የኋላ ክፍል ገብቷል፤ ፍራሽ ተነጥፎለታል። ታዛቢ ሰሞኑን ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። ወዶት ነበር፤ ራሱ ዘሎ ይገባል። ትናንት ማታ ግን አልገባም አለ። ወንደሰን ጎተተው፤ ውሻው አንገቱን ከቀበቶው አሾልኮ ወደ ዋጋዬ ጎጆ ሮጠ።

«ሲጠራው እሰማለሁ። ‹ታዛቢ፣ ና፣ እኔም አብሬህ አድራለሁ› ይለዋል። እሱ ከገባ ውሻው የሚከተለው መስሎት ነው። ውሻው እኔ አልጋ ሥር ነበር። እዚህ ነው አላልኩም። ውሻው መኪናውን ከጠላ ትቶት ይሄዳል፣ ለእኔ ይቀራል ብዬ ዝም አልኩ።» ካቴና ባለበት እጁ ዓይኑን ጠረገ። «ወጥቼ ባየው ኖሮ።»

ቤቱ ውስጥ መጋረጃ የለም። ካርቶን በየጥጉ ተደርድሯል። ወንበሮቹ ተሽጠው ስላለቁ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ይንቆራጠጣል፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ ማንም አያርፍም። ወይዘሮ ሐመልማል መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ስትናገር ትንፋሽ ያጥራታል።

ታሪኩን ለፈናን የነገረቻት ሳታለቅስ ነው። የልብ በሽተኛ ናት። ናይሮቢ ያለችው ልጇ ሐኪም ይዛላት ነበር። በአውሮፕላን እንሂድ ሲባል ውሻው ከነሳጥኑ ትልቅ ነው፣ አንጭንም ተባለ። ወንደሰን እንግዲያው በመኪናዬ እንሄዳለን አለ። በመኪና ይሁን ሲባል ደግሞ ለድንበሩ የውሻው ክትባት ቀኑን እስኪሞላ ጠብቁ ተባለ። የሐኪሙ ቀጠሮ አንድ ጊዜ አለፈ። ሁለተኛውም እየደረሰ ነው፤ መኪናው ተጭኖም የክትባቱ ቀን ገና አልሞላም።

«ውሻውን ለዋጋዬ ትተው ለምን አልሄዱም?» አለች ፈናን።

«ካቻምና ጢቾ መንገድ ላይ ስኳሩ ወርዶ ከመኪናው ወጥቶ ወደቀ። ያ ውሻ ነው ገበሬ ቤት ድረስ ሄዶ ሰው ጎትቶ ያመጣ። ‹ያልጣለኝን አልጥልም› ይላል። እኔን ብቻዬን ላከኝ ስለው ‹ከአንቺም አልለይም› ይላል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አናድዶኝ ነበር። አልዋሽሽም። ውሻውን ጠልቼዋለሁ፤ እሱን ግን አልጠላሁትም።»

«ከስንቁ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ጭናችኋል?»

«የለም። ትናንት በሶና ቆሎ ነው ያስገባሁት። ከበበው ወንድሜ ከሚሠራበት የኢተያ እህል መጋዘን ስንዴ አምጥቶ ራሱ ጫነልን። ከዲሮ ጎሚስታው ትርፍ ጎማውን አስገባ። ዋጋዬ የውሻውን ፍራሽ አራግፎ አነጠፈ። ሁላችንም ከመኪናው ኋላ ስንገባ ስንወጣ ነው የዋልነው።»

«አቶ ወንደሰን ሽታ አላስተዋሉም?»

«ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል። ወጥ ቢያር አይሸተውም ነበር።»

ፈናን መጋረጃ በሌለው መስኮት ወደ ውጪ አየች። ጎሚስታው ከዲሮ ግቢው ውስጥ ቆሞ ከእዮኤል ጋር ይነታረካል። ትናንት ጎማውን ሲጭን ክሪኩን መኪናው ውስጥ ረስቷል፤ ሥራ ፈትቻለሁና አውጡልኝ ይላል። እዮኤል ወደ ስልኩ ዞር ሲል ከዲሮ የኋላውን በር ከፈተና ዘሎ ገባ። የውሻው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ከጆንያዎቹ ሥር እጁን ሰደደ።

ፈናን ልታስቆመው ብድግ አለች። ሌላ ሰው ግን ቀደማት። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ገና የግቢውን በር እንዳለፈ ቆመ፤ መኪናውን አየ። ከዚያ ሮጦ ከዲሮን በትከሻው ይዞ ወደ ውጪ ጎተተው። ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ። ሰውየው ተነሣና በካፖርቱ እጅጌ አፍንጫውን ይዞ፣ አራቱንም በር አንድ በአንድ እየዞረ ከፈተ።

«ማን ነው?» አለች ፈናን።

ሐመልማል አንገቷን ቀና አደረገች። «ከበበው ነው። ወንድሜ። እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ጠዋት ደውዬ ጋሼን ትንሽ አሞታልና ና ብዬው ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

ከበበው ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤቱ የገባው። እህቱ እግር ላይ ወደቀና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም። ፈናን ለቅሶ መስማት ታውቃለች።

ከዲሮን ውሃ ሲጠጣ አገኘችው። በግድ እየሳቀ ነው።

«መኪናውን ልትገዛ ፈልገህ ነበር ይባላል» አለችው።

«ወላሂ፣ ያልፈለገ ማን አለ? ለምኜዋለሁ። ‹ጋሼ፣ ኬንያ ሰው ሁሉ በግራ ነው የሚነዳው፤ እዚያ ሄደው ከማን ጋር ሊጋጩ ነው?› ስለው ‹አንተ ጎማህን ንፋ› አለኝ።» ሳቁ ጠፋ። «ደግ ሰው ነበር። እንዲያ ሲሰድበኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ጉዞው ቢቀር መኪናው ላንተ ይሆን ነበር።»

«በአውሮፕላን ቢሄዱም ይሆን ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሰው መሞት የለበትም።»

ፈናን ይህንን መልስ ሁለት ጊዜ አሰበችበት። ከዚያ ሻሿን ፈትታ አፍና አፍንጫዋን አሰረች፣ ወደ መኪናው ሄደችና የውሻውን ፍራሽ አነሳች። ከሥሩ ጭብጥ የምታህል የጨርቅ ቋጠሮ ተገኘች። በጆንያ ሲባጎ ጥብቅ ተደርጋ ታስራለች። ውጪ አውጥታ ስትፈታት ውስጧ ግራጫ አመድ ብቻ ነው።

ሽታው ያኔ መጣላት። የአባቷ ጎተራ ነው። ነቀዝ የገባበት እህል ላይ የሚጨመር ክኒን ነው፤ አየር ሆኖ ያልቅና አመዱን ይተዋል። ልጅ ሳለች ጎተራው መድኃኒት ሲደረግበት አጠገቡ የደረሰ ልጅ ይገረፍ ነበር።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ስልክ ደወለ። የልብ አይደለም፣ የስኳርም አይደለም፤ የተመረዘ አየር ስቧል አለ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። ፈናን ለቀስተኛው ደጅ በተተከለው ድንኳን ይቆይ ብላ አራቱን ብቻ ከመኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ለሐመልማል ፍራሽ አስነጠፈችላት፤ ከዲሮና ከበበው ቆሙ። ለዋጋዬ ካቴናው ለጊዜው ተፈታለትና ውሻውን በገመድ እንዲይዝ ተደረገ። እዮኤል ካቴናውን በእጁ ይዞ ሰዓቱን ያያል። ጆንያዎቹ፣ ሳጥኑና ፍራሹ ከመኪናው ወጥተዋል። በሮቹ እንደተከፈቱ ነፋስ ሲገባባቸው ውሏል።

«አባቴ፣ ገመዱን ይልቀቁት» አለች።

ታዛቢ ተለቀቀ። መሬቱን እያሸተተ ወደ መኪናው ሄደ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ አንገቱን አስገብቶ አሸተተ። ከዚያ ዘሎ ገባ። ወደ ፊት ተሻገረና ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ትናንት በገመድ ተጎትቶ ያልገባ ውሻ ነው» አለች ፈናን። «መንገድ አልፈራም፤ መኪናም አልጠላም። ፍራሹ ሥር የተቀመጠውን ሸቶት ነው።»

ቋጠሮዋን በላስቲክ ውስጥ እንዳለች አሳየቻቸው።

«ሳጅን፣ አንተ አቶ ወንደሰንን ማን ጠላው ብለህ ጀመርክ። ሁላችንም እንደዚያው ነው የጀመርነው። ይህ ግን ከሾፌሩ ወንበር ሥር አልነበረም፤ ከውሻው ፍራሽ ሥር ነው። አቶ ወንደሰን መኪናው ውስጥ አድሮ አያውቅም። ትናንት ያደረው ውሻው አልገባም ስላለው ነው። ያንን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ሞት የተጠመደው ለውሻው ነበር።»

ሐመልማል እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ውሻው እንዲሞት የፈለገ ማን ነው? ጋሽ ዋጋዬ አይደሉም። እሳቸው ውሻውን ለማስቀረት ሲሉ ጌታቸውን ሳያዩ አድረዋል፤ ያ ይበቃቸዋል። ሌሎቻችሁ ግን ሦስታችሁም ውሻው ቢሞት ትጠቀማላችሁ። ውሻው ከሌለ ሰዎቹ ድንበር አይጠብቁም፤ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ለከዲሮ መኪናው ይቀርለታል። ወይዘሮ ሐመልማል ሐኪማቸው ዘንድ ይደርሳሉ፤ ወንድማቸውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

«ወላሂ እኔ…» አለ ከዲሮ።

«ቆይ። ሞቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው መኪናውን ይፈራዋል። ጋሽ ዋጋዬ ገብተው ሬሳ ሲጎትቱ ነበር። ወይዘሮ ሐመልማል ባላቸውን አቅፈው እዚያው ሲተነፍሱ ቆዩ። አንተ ደግሞ ዘለህ ገብተህ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥህ። ሦስታችሁም አልፈራችሁትም። መኪናውን የፈሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ውሻው ነው።»

ማንም ወደ ከበበው አልዞረም። መዞር አላስፈለጋቸውም።

«ለቅሶ የመጣ ሰው ከግቢ በር ጀምሮ ያለቅሳል፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣም በቀጥታ ቤት ይገባል» አለች ፈናን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አቶ ከበበው፣ እርስዎ ‹ትንሽ አሞታል› ተብለው ነው የተጠሩት። የት እንዳመመው ማንም አልነገረዎትም። ግን ገና ቤት ሳይገቡ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው አዩና ሮጡ። ከዲሮን ጎትተው አወጡት። በሮቹን ሁሉ ከፈቱ። ባይሮጡ ኖሮ አልደርስብዎትም ነበር።»

ከበበው ካፖርቱን ሰበሰበ። «ሰው እንዳይሞት ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ለምን ምግቡ ውስጥ አላደረግከውም?» አለ እዮኤል፣ መጠየቅ ያለበት እሱ እንደሆነ ትዝ ብሎት።

«ከዋጋዬ እጅ በቀር አይበላም። በእሱ እንዳይሳበብ ብዬ ነው።» ሽማግሌውን ማየት አልቻለም። «ሌሊት ተኝቶ በዚያው ይቀራል፣ ማንም አይጎዳም ብዬ ነበር። ሲነጋ ይቀብሩታል፣ በሳምንቱ ይሄዳሉ። ጋሼ እዚያ ይገባል ብዬ መች… ማን ውሻ ጋ ያድራል?»

ፈናን ቋጠሮዋን ከፍ አደረገች። «ይህ ብቻ አልገባኝም። ለውሻ ከሆነ ክኒኑን እንዲሁ መጣል ይበቃ ነበር። በጨርቅ ቋጥረው በሲባጎ ያሰሩት ለምንድነው?»

ከበበው እጁን አየ። የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እኔንጃ» አለ። «መጋዘን ውስጥ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው። እህሉን ሰው ስለሚበላው፤ አመዱ እንዳይነካው።»

ከዲሮ ፊቱን አዞረ። እዮኤል ካቴናውን ይዞ ተራመደ፤ ግን መሃል ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ ወደ ዋጋዬ ሄደና «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለው። ከዚያ ነው ወደ ከበበው የሄደው።

ከበበው እጁን ሰጠና ከእህቱ ፊት ተንበረከከ። «እቴ፣ የናይሮቢው ሐኪም በስልክ ለብቻዬ ነግሮኛል። ቀጠሮው ለሁለተኛ ጊዜ ካለፈ አላድናትም ብሎኛል። ጋሼን ለመንኩት። ‹ትንሽ ነው የቀረው› አለኝ። ያለሽ ጊዜ ነበር ትንሽ የቀረው።»

ሐመልማል ወደ እሱ ዞረች። ሁሉም ትጮሃለች ብለው ጠበቁ፤ ለልቧም ፈሩ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ካፖርቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ አራገፈችለት። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትሰደው የምታደርገው ነው።

«ሁለታችሁም እኔን ሐኪም ዘንድ ልትወስዱ ነበር» አለችው።

እዮኤል ክንዱን ይዞ አስነሣው። በግቢው በር ሲወጡ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው።

የፀሐይዋ ብርሃን ከጭላሎ ላይ ሲጠፋ ብርዱ ተመለሰ። ፈናን ልትሄድ ስትል ዋጋዬ እያነከሰ ወደ መኪናው ሄደና የፊተኛውን በር ሊዘጋ ያዘው። ታዛቢ እስካሁን ከባዶው የሾፌር ወንበር ጎን ተቀምጧል። ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጓል። ዋጋዬ በስሙ ጠራው፤ ጆሮውን አነሣ እንጂ አልወረደም።

«ተወው» አለች ሐመልማል ከፍራሿ ላይ። «ይቀመጥ። በሩንም አትዝጋበት።»